ድልብን የሚወጣ መኪና

ቅዳሜ ነው፤ የላሊበላ ገበያ ቀን። ከገነተ ማርያም፣ ከሹምሸሃና ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ካሉ ቀበሌዎች ሌሊት የተነሡ ሰዎች ገብስ፣ ስንዴና ማር በአህያ ጭነው ገብተዋል። ከገበያው በላይ ባለች ቡና ቤት ሁለት ወንድማማቾች ለዚህ ሁሉ ግርግር ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። የእነሱ ገበያ ስልኩ ውስጥ ነው። ታላቁ በጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ነጭ ሚኒባስ ያልፋል፣ ሌላ ነጭ ሚኒባስ ይመጣል።

“ይቺን እያት እስኪ አያ፣ ጎማዋ አዲስ ነው።”

“ጎማማ ሊሸጡ ሲሉ ይቀይሩታል። ሆዷን ያላሳዩን ለምንድን ነው?”

ታላቁ አስጎብኚ ነበር። ታናሹ ባጃጅ ይነዳል። ከዘመድ ብድር ጋር አዋጥተው ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዙ ነው። የሚገዙት መኪና ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከእነሱ ወደ 700 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ርቆ። ገንዘባቸውን ሁሉ የሚያፈሱበትን ዕቃ መጀመሪያ የሚያውቁት በፎቶ፣ ቀጥሎ በደላላ ድምፅ፣ በመጨረሻም (ዕድል ከቀናቸው) በዓይናቸው ነው።

እንዲህ ያለ ግዢ በላስታ ደጋ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። ላሊበላ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ኑሮዋን በእንግዳ ላይ የመሠረተች ከተማ ናት። አስጎብኚው፣ ጫማ ጠባቂው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማ የሚያመላልሰው ሹፌር ሁሉም የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገሪቱ ገባ፤ እንግዳው ቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ላሊበላ ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ቆየች። ትንሽ ተንፈስ ሳትል በ2015 መጨረሻ ክልሉ እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሸጠው መኪናውን ነው። አሁን ደግሞ መልሶ ለመግዛት የሚያስበው ያንኑ መኪና ነው፤ እንግዳ ባይመጣ እንኳ ወልዲያ የሚታከም ሕመምተኛ፣ ደሴ የሚማር ልጅ፣ ለገና የሚመጣ ምእመን፣ ከጋሸና የሚወርድ ነጋዴ አለና።

የሚገዛው ግን በሸጠበት ዋጋ አይደለም።

በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። በእኛ አገር የዚህን ተቃራኒ ያየንበት ምክንያት በአዋጅና በመመሪያ ሊከተሉት የሚቻል ነው። በየካቲት 2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ የሚገባ አሮጌ መኪናን ከዕድሜው ጋር እያሻቀበ በሚሄድ ታክስ መታው፤ ዓላማው ያረጀና ጭስ የሚተፋ መኪና እንዳይገባ ነው። በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ይፋ አደረገ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ሦስቱ ሲደማመሩ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሚኒባስ ባለበት ቆሞ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ቶዮታ ዛሬ የሚጠየቅበት ሚሊዮኖች፣ በ2011 ዓ.ም. ለላስታ ሰው ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ነበር። የዋጋ ማስተካከያ ሳይኖረው ደመወዝና የቀን ገቢ ብቻ ያለው ሰው በዚህ መካከል ተጎድቷል፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል።

“ኤሌክትሪክስ?” ብዬ ታላቁን ጠየቅሁት።

“መብራት ሲጠፋ ሰው ጭኜ የት እቆማለሁ?” አለኝ።

ስለዚህ ፍለጋው ወደ ቴሌግራም፣ ወደ ፌስቡክና ጂጂን ወደመሳሰሉ የማስታወቂያ መድረኮች ይሄዳል። በቴሌግራም ላይ ያሉት የመኪና ቻናሎች አብዛኞቹ የደላሎች ናቸው። አንድ መኪና በአንድ ቀን በአምስት ቻናል ይወጣል፤ ፎቶው አንድ፣ ስልኩ አምስት፣ ዋጋውም አንዳንዴ አምስት ነው። ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኝህ የመጨረሻው ደላላ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር የሚያገናኙ ናቸው። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሁለት ነው፤ ከሻጭም ከገዢም ይጠየቃል። ደላላን በጅምላ መስደብ ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልስማማም። ጥሩ ደላላ መኪናውን ከነታሪኩ ያውቀዋል፣ ሻጩን ወደ ምርመራ ያመጣዋል፣ ሰነድ ያሟላል። ችግሩ ከሩቅ ለሚገዛ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

የማስታወቂያው ጽሑፍም ልምድ ይጠይቃል። “ቀለም ያልተነካ” የሚለው ብዙ ጊዜ ጣሪያውን ብቻ ይመለከታል። “ሞተር ስታንዳርድ” ሲባል ሞተሩ ተገልብጦ ያልታደሰ ማለት ነው፤ ማስረጃው ግን የሻጩ ቃል ነው። “አስቸኳይ” የተባለው መኪና ሦስት ወር ሙሉ አስቸኳይ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ወንድማማቾቹ ከጊዜ በኋላ ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው፤ ለማንኛውም ሻጭ የሚልኩት ጥያቄ ሦስት ፎቶና አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፦ የሊብሬው የመጀመሪያ ገጽ፣ የቻሲው ቁጥር የተመታበት ቦታ፣ የመኪናው ሆድ፣ እና ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ የጭስ ማውጫው ቪዲዮ። ከጠየቋቸው አብዛኞቹ አልመለሱም። ያልመለሰ ሰው መልስ ሰጥቷል፤ ወንድማማቾቹ ያንን ቻናል ትተው ያልፋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ጠዋት የወጣውን መኪና ረፋድ ላይ ሲያይ፣ የላስታው ሰው ዋጋ የሚጠይቀው በድምፅ ስልክ፣ ፎቶ የሚያየውም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲያገኝ ነበር። ጥሩዎቹ መኪኖች በእነዚያ ወራት ደጋውን አልጠበቁም። ኔትወርክ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብበት።

ታላቁ ወንድም አዲስ አበባ የገባው በሦስት መኪኖች አድራሻ ነው። ከእሱ ጋር የሄድኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ነው፤ የሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ከዚያ በእግር ይደረሳሉ። መካኒኩ የወልዲያ ልጅ ናቸው፤ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የናፍጣ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ። ለዘመድ እንጂ ለሻጭ አይመረምሩም፣ ክፍያቸውንም ከገዢው እንጂ ከደላላው አይቀበሉም። ይህ ነጥብ ትልቅ ነው፤ ብዙ ገዢ መካኒኩን ራሱ ደላላው እንዲያመጣለት ይፈቅዳል።

የመጀመሪያው መኪና ቶዮታ ሃይሩፍ፣ አምስት ኤል የሚባለው የሦስት ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የነኩት ሞተሩን ነው፤ በመዳፋቸው።

“ይኼ ሙቅ ነው። ማን አነሣው?”

“ጋሼ፣ ከመንገድ እየመጣ ነው” አለ ደላላው።

“እንግዲያው ነገ ጠዋት ሲቀዘቅዝ እናየዋለን።”

ትዕግሥታቸው ምክንያት አለው። የደከመ ናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ እንደ ጤነኛ ይነሣል፤ ፒስተኑ በሙቀት ሰፍቶ ከሲሊንደሩ ጋር ያለውን ክፍተት ያጠባል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ግን አይዋሽም። ሲነሣ ነጭ ጭስ እየተፋ ከቆየና ጭሱ ጥሬ ናፍጣ ከሸተተ እምቅታው (ኮምፕሬሽኑ) ወርዷል ወይም የናፍጣ ፖምፓው ተዛብቷል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። የራዲያተሩ ውኃ ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መክደኛው ሥር ወተት መሳይ ዝቃጭ ካለ፣ የቴስታው ጋስኬት ተበልቷል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻዎቹ አልቀዋል።

ከዚያ ማግኔት አወጡ። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ናት፤ በአካሉ ላይ እያንሸራተቱ ሄዱ። በግራ በኩል ከኋላው በር ሥር ማግኔቷ ወደቀች። ላሜራው ላይ ወፍራም ስቱኮ ተለጥፎበታል፤ ከቀለሙ በታች ብረት የለም ማለት ይቻላል። ይህ ብቻውን አያስጥልም፤ ሃያ ዓመት የተነዳ መኪና አንድ ቦታ ይመታል። የሚያስጥለው ከሥር የሚታየው ነው። ጉድጓዱ ላይ አቁመው ባትሪ ይዘው ገቡ። ቻሲው ከኋላ ባሌስትራው ከሚታሰርበት ከፍ ብሎ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙን በጠመንጃ መፍቻ ፋቁት፤ የብየዳ ስፌት ታየ።

“ተቆርጦ የተቀጠለ ነው” አሉ ለታላቁ ወንድም ብቻ በሚሰማ ድምፅ። “አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ይሄዳል። አንተ ግን ልጄ፣ ሰው ሞልተህ ድልብን ልትወርድ ነው።”

የላስታ ገዢ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ያርፋል። ማስታወቂያው የሚጻፈው ለአዲስ አበባ ሰው ነው። ለእሱ ዋናው መቀመጫው፣ ቀለሙ፣ ነዳጅ ቁጠባው ነው። ለደጋው ሰው ደግሞ መንገዱ ራሱ ሌላ መኪና ይጠይቃል። ከወልዲያ ተነሥቶ በሳንቃና በድልብ ወደ ጋሸና የሚያወጣው መንገድ ከ2,000 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ወደ 3,000 የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከመቶ ሰባ ገደማ ነው። አምስት ኤልን የመሰለ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ፖምፓው ለሙሉ አየር የተስተካከለውን ናፍጣ ሲረጭለት ሁሉንም ማቃጠል ያቅተውና ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያንሳል፤ ተርቦው ሲሞት ግን ጥገናው የአንድ ወር ገቢ ይበላል።

ውኃም በደጋ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ላሊበላ ባለችበት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጋሸና ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው። ጤነኛ ክዳን ውስጡን በግፊት ይዞ ውኃው ከመፍያው በላይ ሳይፈላ እንዲሞቅ ያደርገዋል። ጎማው የላላ ርካሽ ክዳን ግፊቱን ሲለቅ ውኃው ዳገቱ መካከል ይገነፍላል፣ ቀጥሎ ቴስታው ይጣመማል። በጥቂት መቶ ብር የሚገዛ ክዳን ባለመቀየሩ ሞተር የወረደበት ሹፌር በወልዲያና በላሊበላ መካከል ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው።

መውጣቱ ሞተርን ሲፈትን መውረዱ ፍሬንን ይፈትናል። ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘለት ይወርዳል፤ ካምቢዮው ከማርሽ የሚያመልጥ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ግሎ መያዝ ያቆማል። መካኒኩ ሁለተኛውን መኪና ሲነዱ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ወደ እንጦጦ አውጥተው ሲመለሱ ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ ለቀቁት፣ እግራቸውን ከነዳጅ አነሡ፣ ደግመው ረገጡ፣ ደግመው አነሡ። ማርሹ አልዘለለም። የሙቀቱ መርፌም ከመሃል አላለፈም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ለላስታ የሚሆን መኪና መፈተኛ እሱ ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ መንዳት ምንም አይነግርም።

ሁለተኛው መኪና በአካል ጤነኛ ነበር። የጣለው ወረቀቱ ነው።

የመኪና ሰነድን እንደ ጣጣ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ከሩቅ ለሚገዛ ሰው ግን ከሞተሩ ይልቅ ወረቀቱ ይበልጣል፤ ሞተር ይታደሳል፣ ሕጋዊ ባለቤትነት የሌለው መኪና ግን ከነገንዘቡ ይሄዳል። ያ መኪና ቀድሞ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር። የቱሪዝም ባለሀብቶች ለሥራቸው መኪና ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ማበረታቻ አለ፤ እንዲህ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ መከፈል አለበት። ሻጩ “ቀረጡ አልቋል” አለ፤ የጉምሩክ ማረጋገጫ ሲጠየቅ “ይደርሳል” አለ። ታላቁ ወንድም ራሱ በአስጎብኚነት ሲሠራ እነዚህን መኪኖች ያውቃቸው ነበር፤ ልቡም እዚያው መኪና ላይ ነበር። ያም ሆኖ ተወው። ማበረታቻው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሥራው ሲቆም የተበተኑት መኪኖች ግን አሁንም ያልተዘጋ ሒሳባቸውን ይዘው በገበያው ላይ እየዞሩ ነው። ላሊበላን ያገለገለ መኪና ተመልሶ የላሊበላን ልጅ ሊያከስር ይችላል።

ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ ብዙ ሰው መኪና የሚሸጠው በውክልና ነው፤ አንዳንዱ መኪና ሦስት አራት ሰው እጅ ገብቶ ሊብሬው አሁንም በመጀመሪያው ባለቤት ስም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ወካዩ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው ይቀራል። እንግዲህ ላስታ ላይ ሆነህ መኪናህን ስትነዳ፣ አዲስ አበባ ያለ የማታውቀው ሰው ሞቶ ወራሾቹ ሊጠይቁህ ይችላሉ።

ትዳርም ይጠየቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይተላለፍ ይደነግጋል። ስለዚህ ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱ ቀርባ ትፈርማለች (ሻጯ ሴት ከሆነች ባሏ ይፈርማል)፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያመጣል። የሚፈረመውም ውልና ማስረጃ ፊት ነው። ከዚያ በፊት መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት አለመታገዱ መዝገቡ ካለበት ከትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቃል፤ የቻሲና የሞተር ቁጥሩ ከፋይሉ ጋር ይመሳከራል፤ ቦሎውና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ይታያል። ሰው በክፍያ ለመጫን ደግሞ ሰሌዳው የንግድ መሆን አለበት፤ የቤት መኪና ገዝቶ መናኸሪያ ማሰለፍ አይቻልም።

ቀብድን በተመለከተ ወንድማማቾቹ ቁርጥ ያለ አቋም ነበራቸው። ላሊበላ ሆነው በቴሌብር ቀብድ ላኩ ያላቸው ሻጭ አልጠፋም፤ “ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ትንሽ ካላስያዛችሁ ይሄዳል” ይላል። የሁለቱም መልስ አንድ ነበር፤ ይሂድ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለመኪና ብቻ አይደለም። ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ደጋ ነው። ወደ ሰሜን ወርዶ በኅዳር 2002 የተመረቀው 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ሲያቆመው፣ ከዘጠኝ ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ሠርቷል። የዋግ ኽምራ ገበሬ ከግድቡ በኋላ ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣ ዓሣ አስጋሪ ሆነ፤ ለደጋ ሰው ጀልባ አዲስ ዕቃ ነው። ጀልባ ፈላጊውም ስልኩን ከፍቶ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሐዋሳ ይመለከታል። ያገለገለች የአልሙኒየም ጀልባ ካገኘ ዕድለኛ ነው። አልሙኒየም ከብረት ሲሦ ያህል ብቻ ይመዝናል፣ በጨው አልባ ውኃ ውስጥም አይዝግም፤ ለአሸዋማ ዳርቻ፣ በሰው ትከሻ ለመጎተት ይመቻል። ድክመትም አለው፤ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል፣ የተመታበት ሪቬት ይላላል፣ ተራ ብየዳም አይይዘውም፤ በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ ይሻል።

እዚህ ማግኔት አይሠራም። ጀልባ ከመገዛቷ በፊት የምትፈተነው ደረቅ መሬት ላይ በድጋፍ አስቀምጦ ውስጧን ውኃ በመሙላት ነው፤ ቀዳዳ ካለ ከውጭ ያንጠባጥባል፣ የወጣበት ቦታ በጠመኔ ይከበባል። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሰሌዳ ውስጡ እንጨት ከሆነ በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል፤ ድፍን ድምፅ ካልሰጠ በስብሷል። ወረቀትም አላት፤ የአገር ውስጥ የውኃ ላይ ትራንስፖርት የሚተዳደረው በማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ለዓሣ አስጋሪው ጀልባ የነፍስ ጉዳይ ናት። በፎቶ ብቻ ተማምኖ የገዛትን ጀልባ የሚፈትነው ልጆቹን ጭኖ ከዳር ከራቀ በኋላ መሆን የለበትም።

ወደ ወንድማማቾቹ ልመለስ። ሦስተኛው ሚኒባስ በማስታወቂያው ላይ ከሁሉ አስቀያሚው ነበር። ፎቶዎቹ በማታ የተነሡ፣ መቀመጫው የተቀደደ፣ ጽሑፉ ሁለት መስመር። ታናሹ ስልኩ ላይ አልፎት ነበር፤ ታላቁ የቻሲውን ፎቶ ሳይጠየቅ ያወጣ ሻጭ በማየቱ መለሰው። ባለቤቱ ራሱ ሹፌር ነው፣ በደብረ ብርሃን መሥመር ላይ ሠርቶበታል፤ ሊብሬው በስሙ ነው። መካኒኩ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሡት፣ እንጦጦ አወጡት፣ ሆዱን አዩት። ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ የፊት ኩሽኔታ ይጮኻል፣ የራዲያተር ክዳኑ ይቀየር አሉ። ቻሲው ንጹሕ ነው። የሚጠገነው ሁሉ ተጽፎ ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ውልና ማስረጃ ላይ የሻጩ ባለቤት ሕፃን አዝላ መጥታ ፈረመች፤ ክፍያው እዚያው በባንክ ተላለፈ።

መኪናው ወዲያው አልወጣም። መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚያውቁ ሹፌሮች “ሂዱ” እስኪሉ ድረስ ደሴ ላይ ቆመ። ይህ የግዢው ክፍል በማንም ማስታወቂያ ላይ የለም፤ የላስታ ገዢ ግን ለዚያም ገንዘብ መያዝ አለበት፣ ለአልጋና ለምግብ፣ መኪናው ሳይሠራ ለሚያልፈው ቀን ሁሉ። ወልዲያ ደርሰው አዲሱን ክዳን አጠበቁ፣ ውኃ ሞሉ፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ድልብን ጀመሩ። ታላቁ እንደነገረኝ መርፌው ከመሃል ትንሽ ከፍ ብላ ቆመች፤ እሱም በሁለተኛ ማርሽ ሳይቸኩል ወጣ።

ብድሩን ለመክፈል ደግሞ የታናሹ ባጃጅ ትሸጣለች። ማስታወቂያውን ሲጽፉ አብሬያቸው ነበርኩ። ታናሹ “ምንም እንከን የሌላት” ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ታላቁ ስልኩን ተቀብሎ አጠፋውና “የኋላ ፍሬኗ ሥራ ትፈልጋለች፣ ሊብሬዋ በስሜ ነው፣ ሆዷን ለሚፈልግ ፎቶ እልካለሁ” ብሎ ጻፈ። ከቢልባላ የደወለው የመጀመሪያው ሰው ስለ ዋጋ አልጠየቀም፤ ባለትዳር መሆን አለመሆኑን ጠየቀ።